ከሌላ አህጉር ድንገት ስለሚመጡ ወፎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወፍ ማየት የሚወዱ ሰዎች ቡና ላይ ሲገናኙ ጨዋታቸው በየቀኑ ስለሚያዩዋቸው ወፎች አይደለም። መምጣት በማይገባው ቦታ ስለተገኘው አንድ ወፍ ነው። የት ቆመው እንዳዩት፣ ማን አጠገባቸው እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደነዱ ሳይቀር ይተርካሉ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ስለ እነዚያ ወፎች ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንግዳ ወፍ የምትሉት የቱን ነው? ስደተኛ ወፍ ሁሉ እንግዳ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ስደተኛ ወፍ መንገዱን ያውቃል። በየዓመቱ የኛ ክረምት ሲወጣ ከአውሮፓና ከእስያ ተነስተው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚወርዱት ወፎች ደንበኞች ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸውም እዚያው ይከርሙ ነበር። እንግዳ የምንለው ሌላ አህጉር ላይ መሆን ሲገባው እኛ ደጃፍ የተገኘውን ነው።

በመሃል ደግሞ የሚያምታቱ አሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ታስታውሱ ይሆናል። በ2022 ጃንዋሪ ዩኒየን ስቴሽን የሚባለው ባቡር ጣቢያ አካባቢ አንድ ነጭ ጉጉት ሰፍሮ ነበር። ማታ ማታ የአደባባዩን አይጥ ያድናል። ሰውም ብርዱን ችሎ አንጋጦ ያየዋል። ያ ጉጉት ከአርክቲክ የወረደ ነው። ዝርያው አንዳንድ ክረምት ወደ ደቡብ መውረድ ልማዱ ስለሆነ ብርቅ እንጂ መንገድ የሳተ አይባልም።

መንገድ የሚስቱት እንዴት ነው?

ምክንያቱ ብዙ ነው። ቀላሉ ነፋስ ነው። ባሕር ላይ ማዕበል ያገኘው ወፍ ወርዶ የሚያርፍበት ስለሌለው ነፋሱ ወደወሰደው ይሄዳል። በ2023 ሴፕቴምበር ከሰሜን አሜሪካ የተነሱ ዋርብለር የሚባሉ ትናንሽ ወፎች ብሪታንያና አየርላንድ ላይ እንደ ጉድ ወረዱ። ሊ የተባለው አውሎ ነፋስ ትራፊ ነው ጠራርጎ ያመጣቸው። ከመካከላቸው ዌልስ ውስጥ ፔምብሮክሺር የተገኘችው ካናዳ ዋርብለር በብሪታንያ ምድር ከዚያ በፊት ታይታ አታውቅም።

ሁለተኛው ምክንያት ወፉ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነው። ብዙ ትናንሽ ወፎች የመጀመሪያ ስደታቸውን የሚበሩት ያለ እናት አባት ነው፤ ያውም በሌሊት። የሚመራቸው አብሯቸው የተወለደ ዕውቀት ነው። በዚህ አቅጣጫ፣ ለዚህን ያህል ሌሊት ብረር ይላል። ያ አቅጣጫ የተዛባበት ጫጩት ከሳይቤሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ መውረድ ሲገባው ወደ ምዕራብ ይዞርና ስኮትላንድ ይገኛል። ለዚህ ነው ከእንግዶቹ ብዙዎቹ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉ ሆነው የሚገኙት።

የምድር መግነጢስም አለበት። ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ያወጡት ጥናት የአሥርት ዓመታት መዝገብ አገላብጧል። መዝገቡ በሰሜን አሜሪካ እግራቸው ላይ መለያ ቀለበት ለማሰር የተያዙ ወፎች የተመዘገቡበት ነው። የምድር መግነጢስ በሚታወክበት ጊዜ ከቦታቸው ውጭ የሚገኙ ወፎች በዛ ይላሉ፤ በተለይ በመኸር ስደት።

መርከብ የሚሳፈሩም አሉ። ጅቡቲ የተመላለሰ ሹፌር ሁሉ ያንን ከተማውን የሞላ ግራጫ አንገት ቁራ ያውቀዋል። አገሩ ሕንድና አካባቢው ነው። በመርከብ እየተሳፈረ ከወደብ ወደብ ተዛምቷል። ኔዘርላንድስ ድረስ ደርሷል። ኬንያ ውስጥ ተስፋፍቶ አስቸግሮ፣ መንግሥት በ2024 አንድ ሚሊዮን ቁራ ለማጥፋት ዕቅድ እስከማውጣት ደርሷል። እንግዳ ሲባል ሁልጊዜ የሚያሳዝን ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አሥራ ሁለት ግራም የምትመዝን ወፍ በእውነት ውቅያኖስ ታቋርጣለች?

ታቋርጣለች። ብላክፖል ዋርብለር የምትባለው የሰሜን አሜሪካ ወፍ ክብደቷ አሥራ ሁለት ግራም አካባቢ ነው። በየዓመቱ ከሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ተነስታ ሁለትና ሦስት ቀን ሳታርፍ በአትላንቲክ ላይ እየበረረች ካሪቢያን ትገባለች። ይህ በ2015 ጀርባዋ ላይ በታሰረ ትንሽ መሣሪያ ተረጋግጧል። ከመነሳቷ በፊት ስብ ታከማቻለች፤ ክብደቷ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ታዲያ እንዲህ የምትበር ወፍ ከምዕራብ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ቢይዛት አውሮፓ ብትደርስ ምን ይገርማል?

ትልልቆቹማ ከዚህም ያልፋሉ። ባር ቴይልድ ጎድዊት የምትባል የባሕር ዳር ወፍ በ2022 ከአላስካ ተነስታ ታዝማኒያ ገብታለች። 13,560 ኪሎ ሜትር፣ አሥራ አንድ ቀን፣ ያለ ዕረፍት። መንገዷን ሳትስት ነው ይህን ያደረገችው።

ያ ሁሉም ሰው የሚያወራለት ትልቅ ንስርስ?

የስቴለር የባሕር ንስር ነው። እኔም ስለሱ ለማውራት ሰበብ ነው የምፈልገው።

አገሩ የሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ነው፤ ካምቻትካና የኦኾትስክ ባሕር ዳርቻ። ክረምቱን ጃፓን፣ ሆካይዶ ወርደው የሚያሳልፉ አሉ። በዓለም ላይ ያለው ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። እስከ ዘጠኝ ኪሎ ይመዝናል። ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ያልፋል።

አንደኛው ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። በ2020 ኦገስት አላስካ መሃል አገር ታየ። ይሄ እንኳን ጎረቤት ነው። በ2021 ማርች ቴክሳስ ላይ ፎቶ ተነሳ። ቴክሳስ! የዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። በዚያው በጋ ካናዳ፣ ኩቤክና ኒው ብራንስዊክ። ኖቬምበር ላይ ኖቫ ስኮሺያ። ዲሴምበር ላይ ማሳቹሴትስ፣ ቶንተን ወንዝ። ከዚያ ሜይን። በኋላም ኒውፋውንድላንድ ገብቶ እዚያ ከረመ። ያው አንዱ ወፍ መሆኑ የታወቀው ክንፉ ላይ ባሉት ነጭ ምልክቶች ነው። ፎቶ ከፎቶ ሲነጻጸር አንድ ሆኖ ተገኘ።

እኔ ያየሁት ሜይን ነው፤ ጆርጅታውን በምትባል የባሕር ዳር መንደር። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ሰው ቴሌስኮፑን ደርድሮ ከውሃው ዳር ቆሟል። ማንም ማንንም አያውቅም፤ ግን ሁሉም ለሁሉም ያሳያል። አንዲት ሴትዮ ገና ከመኪና ስወርድ ፊቴን አይታ የራሷን ቴሌስኮፕ ለቀቀችልኝ። ከማዶ ጥድ ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው መንቆሩ ነው። ደማቅ ቢጫ፣ ወፍራም፣ ከጭንቅላቱ ጋር የማይመጣጠን። ትከሻው ላይ ሰፊ ነጭ አለበት። ትንሽ ራቅ ብሎ ያ የአሜሪካ ምልክት የሆነው ራሰ ነጭ ንስር ነበር። ለወትሮው ግርማው የሚያስደነግጥ ወፍ ነው፤ የዚያን ቀን የታላቁን ልብስ የለበሰ ታናሽ ወንድም መሰለ። ቁራዎች በእንግዳው ላይ እየተወረወሩ ይጮሁበታል። እሱ ከቁብም አልቆጠራቸው። አንዴ ላባውን አራገፈና ዞሮ ተቀመጠ። በቃ፣ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ።

የግድ ሩቅ ጫካ መሄድ ያስፈልጋል?

ኧረ ምን በወጣው! ከታሪኮቹ ሁሉ ሰው የሚወደው የሱፐርማርኬቱን ነው። በ1989 ፌብሩዋሪ እንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ ሜይድስቶን አጠገብ፣ አንዲት ክንፈ ወርቅ ዋርብለር ተገኘች። ጎልደን ዊንግድ ዋርብለር ይሏታል። ሰሜን አሜሪካ ትፈለፍላለች፣ ክረምቱን መካከለኛው አሜሪካና አካባቢው ታሳልፋለች። በአውሮፓ ምድር ያየቻት ዓይን አልነበረችም። የተገኘችው ደግሞ የመኖሪያ ሰፈር ቁጥቋጦ ውስጥና ቴስኮ የሚባል ሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ላይ ነው።

ወሬው በወጣ ቅዳሜ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሰፈሩን ወረረው። ዕቃ ሊገዛ የመጣው ሰው ጋሪውን እየገፋ ቆሞ ያያል፤ ምን ሆነው ነው እነዚህ ሰዎች ይላል። ያን ቀን የነበሩ ሰዎች ዛሬም ሲያወሩ ከወፏ ይልቅ ስለ ግርግሩ ነው የሚያወሩት። አንድ ግራጫ ወፍ፣ ክንፏና አናቷ ላይ ቢጫ ጣል ያለባት፣ የሰው ግቢ አጥር ላይ ነፍሳት ስትለቅም፤ ሺህ ሰው ደግሞ እስትንፋሱን ይዞ። እኔ አልነበርኩም። ብኖር ምን አለ እላለሁ።

ሌላው የ2016 ኦክቶበር ነው። ሳይቤሪያን አክሰንተር የሚባል፣ ቅንድቡ ቢጫ የሆነ የሳይቤሪያ ወፍ አለ። ከዚያ በፊት በመላው አውሮፓ የታየው እጅግ ጥቂት ነበር። በዚያ መኸር ግን የምሥራቅ ነፋስ ሳያቋርጥ ነፈሰና ከሁለት መቶ በላይ ተገኙ። ብሪታንያ ውስጥ የመጀመሪያው ሼትላንድ በሚባሉት የስኮትላንድ ደሴቶች ላይ ታየ። ሰዉ በጀልባና በአውሮፕላን ተሯሯጠ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሌላ ደግሞ ዮርክሺር፣ ኢዚንግተን መንደር ወረደ። ሼትላንድ ለመድረስ ገንዘቡን የከሰከሰ ሰው ምን እንደተሰማው አስቡት።

ለብቻው ይኖራል የሚባለው አልባትሮስ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ያውም አንድ ብቻ አይደለም። ባለ ጥቁር ቅንድቡ አልባትሮስ የደቡብ ውቅያኖስ ወፍ ነው። ፎክላንድና ደቡብ ጆርጂያን በመሳሰሉ ደሴቶች ነው የሚፈለፍለው። ለመብረር ነፋስ ይፈልጋል፤ የምድር ወገብ አካባቢ ባሕር ላይ ግን ነፋስ ይጠፋል። እንደምንም ያንን አልፎ ሰሜን የገባ አልባትሮስ ለመመለስ ይቸገራል። ዕድሜው ደግሞ ረዥም ነው።

ፋሮ ደሴቶች ላይ፣ ሚኪነስ የሚባል ቦታ፣ አንዱ ከ1860 ጀምሮ ለ34 ዓመት ጋኔት ከሚባሉ ነጫጭ የባሕር ወፎች ጋር ኖሯል። ሰዉ የጋኔቶቹ ንጉሥ ብሎ ሰየመው። በ1894 በጥይት ተመታ። ሼትላንድ፣ ኸርማነስ ገደል ላይ ደግሞ ሌላው ከ1972 እስከ 1995 ሲመላለስ ኖረ፤ ያልታየባቸው ጥቂት ዓመታት ነበሩ። ጎጆ ይሠራል። ጋኔቶቹን ያሽኮረምማል። የሚመልስለት የለም።

በቅርቡ ደግሞ አልቢ የሚሉት መጣ። ከ2014 ጀምሮ በሰሜን ባሕር ዙሪያ ታይቷል። በ2021 እና በ2022 እንግሊዝ፣ ቤምፕተን ገደል ላይ ከርሟል። ሰው እዚያ ቆሞ ሲያየው በዕንባ የሚናነቅ አለ። እኔ ግን ስለ ብቸኝነቱ የሚባለው ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። ወፉ ዓሣ ያጠምዳል፣ ላባው ንጹሕ ነው፣ በረራው ያስቀናል። ሐዘኑ የኛ ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹስ? መጨረሻቸው ምንድን ነው?

ደስ የሚል መልስ የለኝም። ብዙዎቹ ይሞታሉ። በማያውቁት አየር፣ በማያውቁት ምግብ ክረምት ያገኛቸዋል።

ብዙ ሰው ልቡ የተሰበረበት ታሪክ የሜይኑ ጥቁር ጭልፊት ነው። ግሬት ብላክ ሆክ ይባላል። አገሩ ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና ያለው ሞቃት ምድር ነው። በ2018 ኤፕሪል ቴክሳስ፣ ሳውዝ ፓድሬ ደሴት ላይ ታየ። ኦገስት ላይ ያው ወፍ ሜይን ተገኘ። በኋላ ፖርትላንድ ከተማ መሃል፣ ዲሪንግ ኦክስ የሚባል መናፈሻ ገብቶ የዛፍ ሽኮኮ እያደነ ተቀመጠ። ሰው በየቀኑ ሄዶ ያየው ነበር።  ጃንዋሪ 2019 የበረዶ አውሎ መጣ። መሬት ላይ ወድቆ አገኙት። እግሮቹ በብርድ ተመተዋል። ወፎች የሚታከሙበት ማዕከል ወሰዱት፤ እግሮቹ ግን የሚድኑ አልሆኑም። በወሩ መጨረሻ በመድኃኒት እንዲያርፍ ተደረገ። መናፈሻው ውስጥ ሐውልት ቆሞለታል።

ከዚያ በላይ የሚያስደነግጠው የ2013ቱ ነው። ኒድልቴል የሚባል እጅግ ፈጣን የእስያ ወፍ ስኮትላንድ፣ ሃሪስ ደሴት ላይ ታየ። ብሪታንያ ውስጥ ከ1991 ወዲህ ታይቶ አያውቅም። ሰዉ ከየአቅጣጫው እየበረረ ሄደ። ቆመው እያዩት ሳለ ከአንዲት ትንሽ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ጋር ተጋጨና ሞተ። ያን ያየ ሰው ለማውራት እንኳ ድምፁ ይቀንሳል።

ታዲያ ይዞ ወደ አገሩ መመለስ አይቻልም?

ጤነኛ ወፍ ከሆነ መያዙ ራሱ ሊጎዳው ይችላል። ደግሞም የተዛባ አቅጣጫ ይዞ የተፈጠረ ወፍ ቢመለስም ይደግመዋል። ከተጎዳ ግን ፈቃድ ያለው የወፍ ሐኪም ጋ መደወል ነው። በራስ እጅ ይዞ ቤት ማስገባት አይመከርም፤ በብዙ አገር ሕግም ይከለክላል።

ከቤት ወይም ከአራዊት ማቆያ ያመለጠ እንዳልሆነ በምን ይታወቃል?

ይሄ ከባዱ ጥያቄ ነው። በ2018 ኦክቶበር ኒውዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ ኩሬ ላይ አንድ ማንዳሪን ዳክዬ ተገኘ። የምሥራቅ እስያ ወፍ ነው፤ ቀለሙ ተስሎ የተሠራ ይመስላል። ዓለም ሁሉ ጉድ አለ። እግሩ ላይ ግን ቀለበት ነበረው፤ ከሰው እጅ ያመለጠ ለመሆኑ ምልክት ነው። ቆንጆ ነበር፤ ለወፍ ተመልካች መዝገብ ግን አይቆጠርም።

አንዳንዴ ቀለበቱ የተገላቢጦሽ ይመሰክራል። በ2023 ኢዳሊያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍላሚንጎዎችን ከካሪቢያን አካባቢ አንስቶ በአሜሪካ ግዛቶች ላይ በተናቸው። ኦሃዮ ታዩ፤ ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ሳይቀር ታዩ። ከአራዊት ማቆያ ነው ያመለጡት ያለ ሰው አልጠፋም። ፍሎሪዳ ላይ ከታዩት አንዱ ግን ሜክሲኮ፣ ዩካታን ውስጥ የታሰረለት ቀለበት ነበረው።

ከዚህ ሌላ የላባው ሁኔታ ይታያል። በወፍ ማቆያ ሽቦ የተፋተገ ጅራት፣ የተቆረጠ ጥፍር፣ ሰው ሲቀርበው አለመሸሽ ያስጠረጥራል። ወቅቱም ይታያል። ድምፁም ይደመጣል። ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች ይባል የለ? እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ዝርያዎች ብዙ ጊዜ የሚለዩት በዚሁ ነው።

ሰው ቢዋሽስ?

ዋሽቶ ያውቃል። እንግሊዝ፣ ሄስቲንግስ አካባቢ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ብርቅ ወፎች "ተገደሉ" እየተባለ ይመዘገብ ነበር። ብዙዎቹ በአንድ ወፍ አድርቆ የሚሸጥ ባለሙያ እጅ ያለፉ ናቸው። ከሩቅ አገር በበረዶ ተጭነው መጥተው እዚያው እንደተያዙ ተደርገው ነው የተሸጡት ተብሎ ይታመናል። በ1962 መዝገቡ ሲመረመር ቁጥሩ ከሚገባው በላይ መሆኑ ተጋለጠና በርካታ ዝርያዎች ከብሪታንያ ዝርዝር ተሰረዙ።

አሁን ኮሚቴ አለ። ብሪታንያ ውስጥ ከ1959 ጀምሮ ብርቅ ወፍ አየሁ ያለ ሰው ማስረጃውን የሚያቀርብለት ኮሚቴ ይሠራል። ፎቶ፣ ድምፅ፣ ማስታወሻ ይጠይቃል። አንዳንዱ ሰው በነዚህ ኮሚቴዎች ይናደዳል። እኔ ባይኖሩ ነው የምናደደው።

ለአንድ ወፍ ስድስት ሰዓት መንዳት ጤና ነው?

ቤተሰብም ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። እንግሊዞች እንዲህ ዓይነቱን ሰው ትዊቸር ይሉታል። ሥራ ቦታ "አመመኝ" ብሎ የሚቀር አለ። ደግሞ ስትደርስ ወፍ የለም! ቃል በቃል። ትናንት ማታ በሯል። ቀዝቃዛ ሳንድዊችህን በልተህ ትመለሳለህ።

ግን ይህ ዕብደት ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። በ2017 መጀመሪያ ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ ሰው ግቢ ኦሪዮል የሚባል የሜክሲኮ ወፍ መጣ። ሊያየው የጎረፈው ሰው ለነዳጅ፣ ለምግብና ለማደሪያ ከ220 ሺህ ዶላር በላይ እንዳወጣ ተጠንቷል። ያ የባሕር ንስር ማሳቹሴትስ በታየበት ጥቂት ጊዜ ደግሞ ከ380 ሺህ እስከ 476 ሺህ ዶላር ወጥቶበታል የሚል ግምት አለ።

እንግዳ ሆኖ መጥቶ ባለ አገር የሆነ ወፍ አለ?

አለ። ከብቱን ተከትሎ ጀርባው ላይ የሚቀመጠውን ያንን ነጭ ወፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። የገጠር ልጅ ሆኖ የማያውቀው የለም። ያ ወፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከአፍሪካ አትላንቲክን ተሻግሮ ደቡብ አሜሪካ ታየ። ያመጣው ሰው የለም። ጫካው እየተመነጠረ የከብት ግጦሽ ሲሆን ደግሞ ተመቸው። በ1941 ፍሎሪዳ ደረሰ። በ1953 እዚያ ጎጆ ሠርቶ ተገኘ። ዛሬ ቴክሳስ ሄዳችሁ ከላሙ እግር ሥር ብታዩት የአገራችሁ ልጅ ነው።

በ1937 ጃንዋሪ ደግሞ ፊልድፌር የሚባሉ ወፎች ከኖርዌይ ሲነሱ ማዕበል አግኝቷቸው ግሪንላንድ ተጣሉ። እዚያው ቀርተው ዘር አፈሩ። ሪቻርድስ ፒፒት የሚባለው የሳይቤሪያ ወፍ ታሪክ ይበልጥ አዲስ ነው። በ2021 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ አንዳንዶቹ በየዓመቱ ደቡብ ፈረንሳይ ከርመው ይመለሳሉ። ሰው ለረዥም ጊዜ "መንገድ የሳቱ" ሲላቸው የኖሩ ናቸው። አዲስ መንገድ ከፍተው ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥስ ከሩቅ አህጉር ድንገት የሚመጣ ወፍ አለ?

ወፍ የሚመዘገበው የሚያየው ሲኖር ነው። የብርቅ ወፎችን ካርታ አንስታችሁ ብታዩ፣ በአብዛኛው ወፍ የሚያዩ ሰዎች የበዙበት ካርታ ነው። ለምሳሌ አትላንቲክ መሃል ኮርቮ የምትባል የአዞረስ ደሴት አለች። ነዋሪዋ አራት መቶ ገደማ ነው። ከ2005 ጀምሮ ወፍ ተመልካቾች በየኦክቶበሩ እየሄዱ ሸለቆዋን ማሰስ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ወፍ በየዓመቱ ይገኝባት ጀመር። ወፎቹ ድሮም ሳይመጡ አይቀሩም፤ አንጋጦ የሚፈልግ አልነበረም እንጂ።

የኛን ደግሞ ስሙ። ሶርያ ውስጥ ፓልሚራ አጠገብ በ2002 ራሰ በራ አይቢስ የሚባሉ ጥቂት ወፎች ተገኙ። በዚያ አካባቢ ጠፍተዋል ከተባሉ ቆይተው ነበር። በ2006 ሦስቱ ላይ የሳተላይት መሣሪያ ታሰረ። ክረምታቸውን የት ነው የሚያሳልፉት? ምልክቱ በየመን አድርጎ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ኢትዮጵያ ደጋ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ ቆመ። መንገድ የሳቱ አልነበሩም። ቦታቸው ነበር። በየዓመቱ ገበሬው ማሳ ዳር ሲለቅሙ ከርመው ይሄዱ ነበር፤ ማንነታቸውን ልብ ያለ አልነበረም።

አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አላት። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 ጀምሮ አለ። ጎበዝ ጎበዝ አስጎብኚዎችም አሉን። ግን ጣና፣ ዝዋይ፣ አባያ፣ ጫሞ ዳር በየሳምንቱ ባይኖኩላር ይዞ የሚቆም ወጣት ቢኖር ከሳይቤሪያ የጠፋ አንድ ነገር አይገኝም ብሎ መወራረድ አልደፍርም።

የማላውቀው ወፍ ባይ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። ስልክም ይሁን፣ ደብዛዛም ይሁን። የቴክሳሱን ንስር ያስመሰከረው ፎቶ ነው። ድምፅ ካለው ቅዱ። ከዚያ ነው መጽሐፍ መግለጥ፤ መጀመሪያ መጽሐፍ ከገለጣችሁ ወፉ ይሄዳል። መንቆሩን፣ የእግሩን ቀለም፣ ከሚታወቅ ወፍ ጋር ሲተያይ መጠኑን ጻፉ። እግሩ ላይ ቀለበት ካለ ቁጥሩን።

መርሊን የሚባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነፃ መተግበሪያ ለመለየት ይረዳል። ያያችሁትን ኢበርድ በሚባለው የወፍ መዝገብ ድረ ገጽ ላይ መዝግቡ፤ እሱም የነሱው ነው። መተግበሪያው ብርቅ ወፍ ነው ካላችሁ ግን ወዲያው አትመኑት። የምታውቁት ልምድ ያለው ሰው ይየው።

ወፉ የሰው ግቢ ውስጥ ከሆነ ለዓለም ከመንዛታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። የስንቱ ሽማግሌ አትክልት ተረግጧል መሰላችሁ። ወፉን አታባሩ፣ ፎቶ ይሻላል ብላችሁ አትጠጉት፣ የራሱን ዝርያ ድምፅ እያጫወታችሁ አትጥሩት። ሺህ ኪሎ ሜትር በርሮ የመጣ ነው፤ ይብላበት።

ለመጀመር ውድ መሣሪያ ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። ስምንት በአርባ ሁለት የሚባለው ተራ ባይኖኩላር ይበቃል። ያገለገለም ይገኛል። ቴሌስኮፕ ከሌላችሁ ብርቅ ወፍ ያለበት ቦታ ሂዱና ሰው አጠገብ ቁሙ። ሳትጠይቁ ያሳዩአችኋል። ወፍራም ካልሲ ግን ይዛችሁ ሂዱ።